በቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ሰነድ ውስጥ የፊደልና የአገላለጽ ስሕተትን ማረም፦ ኪውኢሙን ምሳሌ ያደረገ የአሠራር መመሪያ

የቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ሶፍትዌር ሰነድ በአብዛኛው የሚከፈተው ሰው በተረጋጋበት ሰዓት አይደለም። ሰርቨር አልነሳ ሲል፣ ዲስክ ሲሞላ፣ ወይም ሌሊት ላይ ማሽን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዛወር ነው፤ አንባቢውም በዚያ ሰዓት የተጻፈውን አምኖ ትእዛዙን ገልብጦ ያስኬዳል እንጂ ቃላቱን አይመረምርም። በአንድ ወቅት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ባለሙያ፣ በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መመሪያ ላይ «ጌስት» (ተስተናጋጁ ቨርቹዋል ማሽን) መባል የነበረበት ቦታ «ሆስት» (አስተናጋጁ ዋና ማሽን) ተብሎ በመጻፉ ምክንያት፣ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ሊያስኬደው የሚገባውን የዲስክ ፎርማት ትእዛዝ በዋናው ሰርቨር ላይ አስኪዶት የብዙ ሰው ሥራ ጠፍቷል። ያን መመሪያ ከዚያ በፊት ከአንድ በላይ ሰው አንብቦት ነበር፤ ስሕተቱን ያየም ሳይኖር አልቀረም፤ ያረመው ግን አልነበረም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለውን ስሕተት አይቶ ማለፍ ለማይፈልግ ሰው ነው። ምሳሌ ያደረግሁት ኪውኢሙን ነው፤ ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው፣ ዛሬ በሊኑክስ ላይ ኬቪኤም ከተባለው የቨርቹዋላይዜሽን ክፍል ጋር ተጣምሮ በብዙ የመረጃ ማዕከላት የሚሠራ፣ የምንጭ ኮዱም ሰነዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ሰነዱን ለማረም የፕሮግራም ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ተርሚናል ላይ ጥቂት ትእዛዞችን መጻፍ፣ እንግሊዝኛን በጥንቃቄ ማንበብና ትዕግሥት ነው። ከዚህ በታች የትእዛዞችንና የፋይሎችን ስም በድምፃቸው በግእዝ ፊደል አስቀምጫለሁ፤ ተርሚናል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚጻፉ የታወቀ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በእንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ የሚገኝ እያንዳንዱ ቃል ወይ ለሰው ወይ ለማሽን የተጻፈ ነው። ለሰው የተጻፈውን ማረም በጎ ሥራ ነው፤ ለማሽን የተጻፈውን ማረም ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራን ነገር ማበላሸት ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚመለሱት ወደዚህ ልዩነት ነው።

ደረጃ 1፦ ስሕተቱ የተወለደበትን ፋይል መፈለግ

በድረ ገጽ ላይ ወይም ተርሚናል ላይ ማኑዋል በሚያሳየው በ«ማን» ትእዛዝ የሚያነቡት ገጽ ከምንጭ ፋይል ተገንብቶ የወጣ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በጊትላብ ላይ የሚገኘውን የኪውኢሙን ዋና ሪፖዚተሪ (የምንጭ ፋይሎቹን ማከማቻ) ጊት በተባለው የለውጥ መከታተያ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተርዎ ያውርዱ። በእጅዎ ያለው ሰነድ ከሊኑክስ ስርጭትዎ ጋር የመጣ ከሆነ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ስለሚችል፣ ያዩት ስሕተት አሁን ባለው ምንጭ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ ሥራ አይጀምሩ።

የሰነዱ ዋና ማደሪያ «ዶክስ» የተባለው ማውጫ ነው። በውስጡ «ሲስተም» ሙሉ ማሽንን ስለ ማስመሰል፣ «ዩዘር» አንድን ፕሮግራም ብቻ ለይቶ ስለ ማስኬድ፣ «ቱልስ» እንደ ኪውኢሙ ኢሜጅ ስላሉ አጋዥ መሣሪያዎች፣ «ኢንተሮፕ» ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ስለ መነጋገር፣ «ስፔክስ» ስለ መሣሪያዎች ዝርዝር ጠባይ፣ «ዴቨል» ደግሞ ስለ ፕሮጀክቱ አሠራር የሚናገሩ ፋይሎችን ይይዛሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ የሰነዱ ትልቁ ክፍል በቴክስኢንፎ የተጻፈ ነበር፤ አሁን ሪስትራክቸርድ ቴክስት በሚባለው ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓት ተጽፎ ስፊንክስ በተባለ መሣሪያ ይገነባል።

ስሕተቱን በፋይሎች ውስጥ ቃል በሚፈልገው በ«ጊት ግሬፕ» ትእዛዝ ሲፈልጉ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አይጻፉ፤ በምንጩ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩ በሁለት ወይም በሦስት መስመር ተሰብሮ ስለሚገኝ ፍለጋው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌላ ቦታ ብዙም የማይገኙ ሁለት ተከታታይ ቃላት ይበቃሉ። በ«ዶክስ» ውስጥ ካላገኙት ተስፋ አይቁረጡ፣ ምክንያቱም የሰነዱ ከፊል አካል ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነው። የትእዛዝ መስመር አማራጮች ማብራሪያ የሚገኘው «ኪውኢሙ ኦፕሽንስ» በተባለውና መጨረሻው «ኤችኤክስ» በሆነው ፋይል ውስጥ ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ ለአንድ አማራጭ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንደኛው ተጠቃሚው «ሄልፕ» ብሎ ሲጠይቅ ተርሚናል ላይ የሚታየው አጭር መግለጫ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ኤስአርኤስቲ» እና «ኢአርኤስቲ» በሚሉ ምልክቶች መካከል የተጻፈውና ወደ ማኑዋሉ የሚሄደው ረጅም ማብራሪያ ነው። በአንደኛው ያለ ስሕተት በሌላኛውም ተደግሞ ሊገኝ ስለሚችል ሁለቱንም ሳያነቡ ፋይሉን አይዝጉ። ማሽኑን በፕሮግራም ለመቆጣጠር የሚያገለግለው የኪውኤምፒ ማጣቀሻ ደግሞ «ኪዩኤፒአይ» በተባለው ማውጫ ካሉ የጄሰን (የመረጃ አጻጻፍ ሥርዓት) ፋይሎች አስተያየቶች ተሰብስቦ የሚገነባ ነው።

ፈልገው ያገኙት ፋይል «ሊኑክስ ሄደርስ» በተባለው ማውጫ ሥር ከሆነ ግን እዚያው አያርሙት። እነዚያ ፋይሎች ከሊኑክስ ከርነል (ከሥርዓቱ እምብርት) በስክሪፕት ተገልብጠው የሚመጡ በመሆናቸው፣ በኪውኢሙ ውስጥ ያረሙት ቃል በሚቀጥለው ግልበጣ ተመልሶ ይበላሻል። ትክክለኛው ቦታ የከርነሉ ፕሮጀክት ነው።

ደረጃ 2፦ ቃሉ የማን እንደሆነ መለየት

የተሳሳተ የሚመስል ቃል ባዩ ቁጥር «ይህን ቃል የሚያነበው ማነው?» ብለው ይጠይቁ። የትእዛዝ አማራጭ፣ የመሣሪያ ስም፣ የጄሰን ቁልፍ፣ የፋይል ስም፣ ወይም የአንድ ቅንብር ዋጋ ከሆነ የሚያነበው ማሽን ነው፤ አጻጻፉ ለዓይን የሚያስቀይም ቢሆንም እንኳ ብዙ ሺህ ስክሪፕቶች በዚያው አጻጻፍ ተማምነው ይሠሩበት ይሆናል። የዚህ ታዋቂ ምስክር በድረ ገጽ ፕሮቶኮል በኤችቲቲፒ ውስጥ ያለው «ረፈረር» የተባለው ራስጌ ነው፤ ከእንግሊዝኛው ቃል አንዲት «አር» ተጎድላ ተጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የፕሮቶኮሉ ሰነድም እንዲሁ ገብቶ፣ ይኸው እስከ ዛሬ የዓለም ሰርቨሮች ሁሉ በተሳሳተው አጻጻፍ ይግባባሉ። በኪውኢሙም ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ቢገጥምዎ በሰነዱ ላይ ብቻ ማስተካከል አንባቢውን የማይሠራ ትእዛዝ እንዲጽፍ ማድረግ ይሆናል። ስሙ ራሱ መለወጥ አለበት ብለው ካመኑ ጉዳዩ የፊደል እርማት መሆኑ ቀርቶ የሶፍትዌሩን ግንኙነት መቀየር ይሆናልና በሌላ መንገድ፣ ከክፍሉ ኃላፊዎች ጋር በመወያየት የሚታይ ነው።

ከዚህ ይልቅ ለመለየት የሚያስቸግረው የምሳሌ ውጤት ነው። ሰነዱ «ይህን ትእዛዝ ሲሰጡ የሚከተለው ይታያል» ብሎ የፕሮግራሙን ምላሽ ሲያሳይና በምላሹ ውስጥ የተጣመመ ቃል ሲኖር፣ ስሕተቱ የተወለደው ሰነዱ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲሁ አጣሞ የሚያትመው ከሆነ፣ ሰነዱን ብቻ ያረመ ሰው አንባቢው ስክሪኑ ላይ የሚያየውና ሰነዱ ላይ የሚያነበው እንዳይገጥሙ ያደርጋል፤ የስሕተት መልእክቱን ገልብጦ በሰነዱ ውስጥ የሚፈልግ ተጠቃሚም አያገኘውም። ስለዚህ መልእክቱን በሲ ኮዱ ውስጥ በግሬፕ ይፈልጉት፤ እዚያ ከተገኘ ኮዱንና ሰነዱን በአንድነት ያርሙ። በመካከልም የሙከራ ፋይሎች ያንን መልእክት በቃሉ የሚጠብቁ መሆናቸውን ይመልከቱ፣ ይህን ካላደረጉ የእርስዎ ቅን እርማት ሙከራዎችን ያስወድቃል።

ሦስተኛው ዓይነት በሰነዱ ውስጥ የተሰወሩ መለያዎች ናቸው። በሪስትራክቸርድ ቴክስት አንድ ክፍል ከሌላ ገጽ እንዲጠቀስ ከርዕሱ በላይ የመለያ ስም ይሰጠዋል። መለያው ለአንባቢ አይታይም፤ በአጻጻፉ ስሕተት ቢኖርበት የሚጎዳው ሰው የለም። ማረም ከፈለጉ የጠቀሱትን ፋይሎች ሁሉ አብረው ማረም ይኖርብዎታል፤ በእኔ አመለካከት ድካሙ ከጥቅሙ ስለሚበልጥ መተው ይሻላል።

ደረጃ 3፦ የፊደል ስሕተትን በመሣሪያም በዓይንም መልቀም

አንድ ስሕተት ብቻ አይተው ከሆነ የመጡት ይህን ደረጃ መዝለል ይችላሉ። አንድን ፋይል ወይም አንድን ማውጫ ሙሉ በሙሉ ለማጽዳት ከተነሡ ግን ኮድስፔል የተባለው ነጻ መሣሪያ ጥሩ ረዳት ነው። ኮድስፔል የትክክለኛ ቃላት መዝገበ ቃላት ይዞ ሌላውን ሁሉ ስሕተት አይልም፤ ሰዎች ዘወትር የሚሳሳቷቸውን አጻጻፎች ዝርዝር ይዞ እነዚያን ብቻ ይፈልጋል። በምሕጻረ ቃልና በመሣሪያ ስም ለተሞላ ሰነድ የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቢሆንም መሣሪያው ራሱ እንዲያርም የሚያዘውን አማራጭ በጅምላ አይጠቀሙ። በኪውኢሙ ሰነድ ውስጥ «ኤችዲኤ» ማለት የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ የሚሰይም አማራጭ ነው፣ በሌላ ቦታ ደግሞ የኢንቴል የድምፅ ካርድ ደረጃ ስም ነው፤ መሣሪያው ግን ፊደላቱ ቦታ የተለዋወጡበት «ሃድ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አድርጎ ሊወስደው ይችላል። «ኢፍ» ከሁለት ኤፍ ጋር የተጻፈውም በሒሳብ «ከሆነና ከሆነ ብቻ» ማለት እንጂ የእጅ ስሕተት አይደለም። እያንዳንዱን ጥቆማ በዐውዱ ውስጥ አንብበው ይወስኑ።

መሣሪያ የማያገኛቸው ስሕተቶች አሉ። የተደገመ ቃል አንዱ ነው፤ «ዘ» በመስመር መጨረሻ ተጽፎ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ከተደገመ ግሬፕ አያየውም፣ ዓይንም በቀላሉ ይዘለዋል። የእንግሊዝኛው «ኤ» እና «ኤን» ከምሕጻረ ቃል በፊት ሲገቡም ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ የሚያየው የሚጻፈውን ፊደል ሳይሆን የሚሰማውን ድምፅ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ይህን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ምሕጻረ ቃሉን በግእዝ ፊደል በድምፁ ይጻፉት። ኤምኤምዩ፣ ኤንቪኤምኢ፣ አይኦኤምኤምዩ፣ ኤክስ86 ብለው ሲጽፉ መጀመሪያ ላይ የአ ቤተሰብ ፊደል ከወጣ የሚገባው «ኤን» ነው። ዩኤስቢ፣ ዩኢኤፍአይ፣ ቪኤም፣ ስካዚ፣ ሮም ብለው ሲጽፉ በሌላ ፊደል ከጀመረ «ኤ» ነው። በእንግሊዝኛው ፊደል «ዩ» አናባቢ ትመስላለች፤ በእኛው ፊደል ሲጻፍ ግን እውነተኛ ድምፅዋ ወዲያው ይታያል።

የአሜሪካና የብሪታንያ አጻጻፍ ልዩነት ስሕተት አይደለም። «ቨርቹዋላይዜሽን» በዜድም በኤስም ይጻፋል፤ ፀሐይን በጸሎቱ ጸም በፀሐዩ ፀም የሚጽፍ ሰው እንዳለ ሁሉ። በአንድ ገጽ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ካገኙ ማስማማት ያስኬዳል፤ አንድን ሙሉ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር ግን ለማንም የማይጠቅም የለውጥ ክምር ያመጣል። የፕሮጀክቱ ስም ራሱ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁሉም ፊደል ትልቅ ሆኖ ይጻፋል፤ በትናንሽ ፊደል የሚጻፈው የትእዛዝ ስም ሲሆን ብቻ ነው፣ ይህም የሰውና የማሽን ልዩነት ሌላ መልክ ነው።

ደረጃ 4፦ አገላለጽን ማረም

ከፊደል ስሕተት ይልቅ ሰውን የሚጎዳው የተጣመመ አገላለጽ ነው። «ሜሞሪ» በአንድ ፊደል ተሳስቶ ቢጻፍ ማንም አይስተውም፤ «ሆስት» እና «ጌስት» ቢቀያየሩ ግን ፊደሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ነገሩ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ፋይል መንገድ፣ የኔትወርክ ፖርት፣ ወይም የተጠቃሚ ፈቃድ የተጠቀሰበትን ዓረፍተ ነገር ባነበቡ ቁጥር የሚነገረው ስለ አስተናጋጁ ማሽን ይሁን ስለ ተስተናጋጁ ቆም ብለው ይለዩ። በተለይ የፖርት ማስተላለፊያ ምሳሌዎች ላይ ሁለት ቁጥሮች ተከታትለው ስለሚመጡና ዙሪያቸው ያለው ማብራሪያ ከቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ ማሽን አስነሥተው ሳይሞክሩ አያርሙ።

እንግሊዝኛን በትምህርት የተማርን ሰዎች እዚህ ላይ ከባለቤቶቹ የተሻለ ዓይን አለን ብዬ አምናለሁ፤ እነርሱ በልማድ የሚያልፉትን እኛ ቆም ብለን ስለምንተረጉመው ነው። «ዘ ጌስት ሜይ ኖት አክሰስ ዘ ዲስክ» የሚለውን ወደ አማርኛ ይመልሱት። «ጌስቱ ዲስኩን እንዲነካ አይፈቀድለትም» ማለት ነው ወይስ «ጌስቱ ዲስኩን ላያገኘው ይችላል»? የመጀመሪያው ክልከላ ነው፣ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። በአማርኛ ሁለት የማይታረቁ ትርጉሞች ከሰጠዎ ዓረፍተ ነገሩ መታረም አለበት፤ ነገር ግን የትኛው እንደሆነ በግምት አይወስኑ። ኮዱን ያንብቡ፣ ይሞክሩ፣ ወይም ይጠይቁ። ክልከላ ከሆነ «ማስት ኖት»፣ ዕድል ከሆነ «ማይት ኖት» ተብሎ ቢጻፍ ጥርጣሬው ይጠፋል።

«አላውስ ቱ» የሚለው አጻጻፍ በቴክኒክ ሰነዶች ሁሉ ተዘርቶ የሚገኝ ሌላ ስሕተት ነው። በአማርኛ «ይህ አማራጭ ሲዲውን ለመቀየር ያስችላል» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ማንን እንደሚያስችል እንዲነገረው ይፈልጋል። ስለዚህ ሲያርሙ ባለቤቱን መፈለግ ግድ ይሆናል፦ ሲዲውን የሚቀይረው አስተዳዳሪው ነው፣ በጌስቱ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ ነው፣ ወይስ በኪውኤምፒ የሚቆጣጠረው ፕሮግራም? ሰዋስው የመሰለው ጥያቄ የደኅንነት ጥያቄ ሆኖ የሚገኝባቸው ጊዜያት አሉ።

የመጠን መለኪያዎችም በዚሁ ጥንቃቄ ይታዩ። ኪውኢሙ ኢሜጅ 10 ጂ ተብሎ ሲታዘዝ የሚፈጥረው ዲስክ 10,737,418,240 ባይት ነው፤ በሺህ እየተባዛ የሚቆጠረው 10 ጊጋባይት ግን 10,000,000,000 ባይት ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ737 ሚሊዮን ባይት በላይ ነው፤ ዲስክን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ለሚገለብጥ ሰው ይህ «ቦታ አልበቃም» የሚል መልእክት ማለት ነው። ሰነዱ «ጊቢባይት» ማለት ሲገባው «ጊጋባይት» ያለበትን ቦታ ካገኙ እርማቱ ተገቢ ነው፤ የትኛውም ቢሆን ግን ፕሮግራሙ በእርግጥ የሚያደርገውን ለክተው ይጻፉ። ማኅደረ ትውስታን የሚወስነው «ኤም» አማራጭም ያለ ምልክት ቁጥር ብቻ ሲሰጠው በሜቢባይት ይቆጥራል፣ ምንም ካልተሰጠው በተለመደው 128 ሜቢባይት ይነሣል።

«ኢሙሌሽን» እና «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚሉትን ቃላት ለውበት ሲሉ አያቀያይሩ። በመጀመሪያው የጌስቱ የፕሮሰሰር መመሪያዎች በሶፍትዌር፣ በኪውኢሙ ደግሞ ቲሲጂ በተባለው ክፍል ይተረጎማሉ፤ በሁለተኛው በኬቪኤም ወይም በመሰሉ አማካይነት በፕሮሰሰሩ ላይ በቀጥታ ይሠራሉ። በፍጥነትም በደኅንነት ዋስትናም የተለያዩ ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰነድ አንድን ቃል መደጋገም ነውር አይደለም፣ ተመሳሳይ ቃል እየፈለጉ መለዋወጥ ነው የሚያሳስተው።

ደረጃ 5፦ ለውጡን አነስ አድርጎ መሥራት

በጊት አዲስ ብራንች (የለውጥ ቅርንጫፍ) ከፍተው የሚታረመውን ቃል ብቻ ይለውጡ። እርማቱ መስመሩን ቢያስረዝመው ወይም ቢያሳጥረው አንቀጹን በሙሉ እንደገና አያደላድሉ፤ አንድ ቃል የተለወጠበት አንቀጽ 12 መስመር እንደተለወጠ ሆኖ ስለሚታይ የሚገመግመው ሰው እውነተኛውን ለውጥ በመፈለግ ይደክማል። የፊደል እርማትንና የትርጉም ለውጥንም በአንድ ኮሚት (በጊት በሚመዘገብ አንድ የለውጥ ጥቅል) አያዋሕዱ።

በርዕስ ላይ ያለ ቃል ሲያርሙ ከርዕሱ በታች የተሰመረውን መስመር ይመልከቱ። በሪስትራክቸርድ ቴክስት የርዕሱ ስር የሚሰመረው ምልክት ቢያንስ የርዕሱን ያህል መርዘም አለበት፤ አንዲት የጎደለች ፊደል ሲጨምሩ መስመሩ በአንድ ያጥርና ስፊንክስ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የሰንጠረዥ ዓምዶችም እንዲሁ በቦታ የተለኩ ናቸውና አንድ ፊደል ጨምሮ ሰንጠረዡን ማፍረስ ይቻላል። ርዕስ ሲለወጥ የድረ ገጹ የውስጥ አገናኝም ሊለወጥ ስለሚችል የፊደል ስሕተት ከሌለበት በቀር ርዕስን ለማሳመር አይንኩ።

ለማሽን የተጻፉ ቃላት ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ወደ ኋላ በዘመሙ ጥቅሶች መታቀፍ አለባቸው። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ስፊንክስ በመደበኛ ቅንብሩ በተራ ጽሑፍ ውስጥ ያገኛቸውን ሁለት ተከታታይ ሰረዞች ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ፣ ቀጥ ያለ ጥቅስንም ወደ ጎባጣ ጥቅስ ስለሚለውጥ፣ ሳይታቀፍ የተጻፈ አማራጭ ከድረ ገጹ ተገልብጦ ሲለጠፍ አይሠራም። በዚሁ ምክንያት ፋይሉን በወርድ ወይም በመሰል ፕሮግራም ከፍተው አያርሙ፤ ተራ የጽሑፍ አርታኢ ይጠቀሙ።

ሲጨርሱ «ጊት ዲፍ»ን ቃል በቃል የሚያሳየውን «ወርድ ዲፍ» የተባለ አማራጭ ጨምረው ይመልከቱ። ያላሰቡት ቃል ቀለም ለብሶ ከታየ እዚያው ይመልሱት።

ደረጃ 6፦ ገንብቶ ማየት

ለግንባታ የተለየ ማውጫ ከፍተው፣ ከዚያ ሆነው «ኮንፊገር»ን «ኢኔብል ዶክስ» ከሚለው አማራጭ ጋር ያስኪዱ፤ ስፊንክስ ካልተጫነ ወዲያው ይነግርዎታል። ቀጥሎ «ሜክ ኤችቲኤምኤል» ብለው ሰነዱን ብቻ ይገንቡ። የወጣውን ገጽ በብራውዘር ከፍተው ያረሙትን አንቀጽ ከላይና ከታች ካለው ጋር አብረው ያንብቡት። የ«ኤችኤክስ» ፋይል ከነኩ ግን ፕሮግራሙንም ገንብተው የ«ሄልፕ» ምላሹን ተርሚናል ላይ ይመልከቱ።

ደረጃ 7፦ ኮሚቱን መጻፍ

የኮሚቱ የመጀመሪያ መስመር በክፍሉ ስም ይጀምራል፤ ለምሳሌ «ዶክስ፣ ሲስተም» የሚለውን አስቀድሞ ምን እንደታረመ በአጭሩ ይናገራል፣ በነጥብም አይጨርስም። አንድ ባዶ መስመር ትተው ምክንያቱን ይጻፉ። ለፊደል እርማት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለአገላለጽ እርማት ግን የቀድሞው ጽሑፍ አንባቢን እንዴት እንደሚያሳስትና አዲሱ ትክክል መሆኑን በምን እንዳረጋገጡ ይናገሩ፤ ሞክረው ከሆነ የሞከሩትን ትእዛዝ ያስገቡ።

በመጨረሻ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚለውን የፊርማ መስመር በስምዎና በኢሜይልዎ ያክሉ፤ ጊት ኮሚት ሲያደርጉ ሰረዝና ትንሿን ኤስ ቢጨምሩ ራሱ ይጽፈዋል። ይህ መስመር ጽሑፉ የራስዎ እንደሆነና የመስጠት መብት እንዳለዎ የሚመሰክሩበት ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ደንብ በሰው ሠራሽ የአእምሮ መሣሪያ ተጽፏል ብሎ የሚያምነውን አስተዋፅኦ አይቀበልም፤ ስለዚህ አንቀጹን ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ሰጥተው ያስጻፉትን አይላኩ። እንግሊዝኛዎ የተሸለመ ባይሆንም ግልጽ መሆኑ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ መላክና መከታተል

ኪውኢሙ የምንጭ ኮዱን በጊትላብ ቢያስቀምጥም እርማት የሚቀበለው በኢሜይል በሚላክ ፓች (ለውጡን ብቻ በያዘ ጽሑፍ) ነው። «ጊት ሴንድ ኢሜይል»ን በኢሜይል አገልግሎትዎ አድራሻና የይለፍ ቃል አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ፓቹን በተለመደው የኢሜይል ገጽ ላይ ለጥፈው ከላኩት የመስመሮቹ አሰላለፍ ይበላሽና ሊተገበር አይችልም። ከመላክዎ በፊት የፓቹን አጻጻፍ የሚፈትሸውን «ቼክፓች» የተባለ ስክሪፕት ያስኪዱ፣ «ጌት ሜይንቴይነር» የተባለው ደግሞ የነኩት ፋይል ኃላፊዎች እነማን እንደሆኑ ይነግርዎታል።

ፓቹ ወደ ዋናው የገንቢዎች አድራሻ ይላካል። የፊደል እርማት ብቻ ከሆነ ጥቃቅን ፓቾችን የሚሰበስበውን «ኪውኢሙ ትሪቪያል» የተባለ አድራሻ በግልባጭ ይጨምሩ። ትርጉም የሚነካ እርማትን ግን «ጥቃቅን» ብለው አይላኩ፤ ስለዚያ መሣሪያ የሚያውቀው የክፍሉ ኃላፊ ሊያየው ይገባል።

መልስ ካልመጣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይጠብቁና በላኩት ላይ በትሕትና ያስታውሱ። ፕሮጀክቱ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሚያዝያ፣ በነሐሴና በታኅሣሥ አካባቢ አዲስ እትም ስለሚያወጣ በእነዚያ ወራት ዋዜማ ኃላፊዎቹ በሌላ ሥራ የተወጠሩ ናቸው። አስተያየት ከተሰጠዎ አርመው «ቪ2» የሚል ምልክት ያለበት ፓች እንደ አዲስ መልእክት ይላኩ፣ በቀድሞው ላይ እንደ መልስ አይላኩት። ከመጀመሪያው ምን እንደተለወጠ በፓቹ ውስጥ ከኮሚቱ መልእክት ቀጥሎ ከሚመጡት ሦስት ሰረዞች በታች ይጻፉ፤ እዚያ የተጻፈው ለገምጋሚው ብቻ ይታያል፣ ወደ ጊት ታሪክ አይገባም።

እርማቱ ሲገባ በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው የቅርብ ጊዜ ሰነድ ይታደሳል። በየሰርቨሩ የተጫነው የ«ማን» ገጽ ግን ከጥቅሉ ጋር የመጣ በመሆኑ አዲስ እትም እስኪጫን ድረስ አሮጌውን ስሕተት ይዞ ይቆያል። ስሕተቱ አደገኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሆስትና ጌስትን ያቀያየረ ከሆነ፣ አብረዋችሁ የሚሠሩትን ያን ገጽ እንዳያምኑ ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ ከዚያ ገጽ የተቀዳ የመሥሪያ ቤት የውስጥ መመሪያ ካለም እርሱንም ከፍተው ያርሙ።